ያልተነካካ ሞተር

ጋዜጠኝነት ከተመረቅኩ በኋላ የመጀመሪያው «የሥራ ትዕዛዝ» የመጣልኝ ከአሌክሳንድሪያ ነው። ከግብጿ አይደለም፤ ከቨርጂኒያዋ። ታላቅ ወንድሜ ደውሎ «መኪናዬን ልሸጣት ነው። መጀመሪያ ለሐበሻ ልሞክር ብያለሁ። አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? አሪፍ ማስታወቂያ በአማርኛ ጻፊልኝ» አለኝ። ክፍያስ? «ስትመጪ እጋብዝሻለሁ!» (ቪዛውን ማን እንደሚሰጠኝ አልተነጋገርንም።)

መኪናዋ የ2005 ሞዴል ሱባሩ ኤስቲአይ ናት። ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። 2.5 ሊትር ባለ ቱርቦ ሞተር፣ ስድስት ማርሽ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ከፋብሪካ ስትወጣ 300 የፈረስ ጉልበት፣ ከኋላዋ ደግሞ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ የሚያክል ክንፍ። ሱባሩ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 ለሦስት ዓመት በተከታታይ የዓለም ራሊ ሻምፒዮና የአምራቾችን ዋንጫ የወሰደባት የኢምፕሬዛ ዘር ናት። ወንድሜ ስለ እሷ ሲያወራ ስለ ሚስቱ ከሚያወራው ይልቅ ድምፁ ይለሰልሳል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በ14 ሺህ ዶላር ገዛት። ከዚያ «ትንሽ» ነካካት። ትልቅ ቱርቦ፣ ትልቅ ኢንተርኩለር፣ ጠንካራ ፍሪሲዮን፣ መኪናዋን መሬት ሊያስማት የደረሰ አጭር ሞላ፣ አዲስ ቸርኬ፣ ሰፈር የሚቀሰቅስ ማርሚታ። የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጅና አየር የሚመጥንበት ፕሮግራምም ተቀየረ። ደረሰኞቹን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ ቁጭ ብዬ ደመርኳቸው። 17,600 ዶላር! እማዬ የኩሽናው ቆርቆሮ እያፈሰሰ «ልጄን አላስቸግረውም፤ የአሜሪካ ኑሮ ከባድ ነው» ትል የነበረው በእነዚያው ዓመታት ነው። (ይህን ጽሑፍ እንደማታነበው ተስፋ አደርጋለሁ።)

ሊሸጥ ያሰበው በ28 ሺህ ነው። «ሒሳቡ ቀላል ነው፤ መግዣዋ 14፣ ዕቃው 17.6፤ ሦስት ሺህ ስድስት መቶውን ለገዢው ምርቃት አድርጌለታለሁ» አለኝ። ለመሸጥ ያስቸኮለው ምክንያትም ቀልድ አልነበረም። ሚስቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

በዚህ ሒሳብ ወንድሜ ላይ አልፈርድም፤ ያደገው አዲስ አበባ ነው። እኛ ዘንድ መኪና ጥሪት ነው። ኮሮላ ዲኤክስ ገዝቶ፣ ዓመታት ነድቶ፣ በብር ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው በየሰፈሩ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። በዚህ አገር ያደገ ሰው «መኪና ይረክሳል» ቢሉት አይገባውም። እማዬም ስትሰማ «ዕቃ ተጨምሮባት እንዴት ዋጋዋ ይወርዳል?» ነው ያለችው።

ሁለተኛው አሳሳች ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የመጀመሪያው «ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» ላይ የታየችው ብርቱካናማ ቶዮታ ሱፕራ በ2021 በጨረታ 550 ሺህ ዶላር አወጣች። በ2009ኙ ክፍል ፖል ዎከር የነዳት ኒሳን ስካይላይን ደግሞ በ2023 ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠች። ሁለቱም ጃፓናዊ፣ ሁለቱም እስኪበቃቸው የተነካኩ ናቸው። ወንድሜ እነዚህን ዋጋዎች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣቸዋል። ግን የዚያ ሁሉ ገንዘብ ምክንያት ቱርቦው አይደለም። ሰዎች የገዙት ፊልሙንና እ.ኤ.አ. በ2013 በመኪና አደጋ የሞተውን ተዋናይ ትዝታ ነው። የወንድሜን መኪና የነዳት ወንድሜ ብቻ ነው።

ተራው ገበያ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ብዙ ገዢ የሚፈልገው ከፋብሪካ እንደወጣች ያለችውን ነው። የተነካካች መኪና ሲያይ በእያንዳንዱ ብሎን ላይ ጥያቄ አለው። ማን ፈታው? ማን አሰረው? ፕሮግራሙን የቀየረው የሚያውቅ ሰው ነው ወይስ ጓደኛ? ደግሞስ ትልቅ ቱርቦ የሚያስገጥም ሰው እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ብሎ አያስገጥምም። የአዲስ አበባ ደላላ «ሞተሯ ያልተነካካ» የሚለውን ቃል የሚወደው ያለ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከደረሰኞቹ መካከል አንዱ ደረሰኝ አልነበረም። የጋራዥ ምርመራ ወረቀት ነው፤ አራት ቁጥር ተጽፎበታል። 140፣ 138፣ 142፣ 105። ስለ ሞተር የማውቀው ነገር ባይኖርም ከአራት አንዱ የተለየ መሆኑን ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ፎቶውን ይዤ ሰፈራችን ጋራዥ ያላቸው ጋሼ ጋ ሄድኩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩትና «የሲሊንደር ግፊት ነው፤ አራተኛዋ እየደከመች ነው። ፒስተኗ ሳትሰነጠቅ አልቀረችም» አሉኝ። ሌላም ነበር። የጭስ ማጣሪያው ወጥቶ ባዶ ቱቦ ተተክቶበታል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ይህን ይከለክላል። በሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ መኪና በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ማለፍ አለበት። ወንድሜ ምርመራ ሲደርስ ዋናውን ገጥሞ ያልፍና ማግስቱን ይፈታዋል።

ደወልኩለት። «ይሄ ይጻፍ ወይ?» አልኩት። ዝም አለ። ቀጥሎ የተናገረውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ «ዋሺ አላልኩሽም። ዝለይው ነው ያልኩሽ።»

በዚያው ሳምንት ገዢ ተገኘ። የ19 ዓመት ልጅ፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ እናቱ ከወንድሜ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የምታስቀድስ። መኪናዋን አንዴ ሲያስነሷት ድምፅዋን ሰምቶ ወደቀላት። ሁለት ዓመት ሠርቶ ያጠራቀመውን 20 ሺህ ዶላር በጥሬው ሊሰጥ ተዘጋጀ። ስለ አራተኛዋ ሲሊንደር አልጠየቀም፤ መጠየቅ እንዳለበትም አያውቅም።

እኔም ወንድሜን «ካልነገርከው ለእናቱ የምነግረው እኔ ነኝ» አልኩት። ታናሽ እህት ለታላቅ ወንድሟ እንዲህ አትልም፤ አልኩ። ነገረው። ልጁ አመስግኖ ሄደ፤ አልተመለሰም። ወንድሜ ለሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሳም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቸርኬውን፣ ሞላውንና ኢንተርኩለሩን ፈትቶ ለየብቻ ሲሸጣቸው 3,500 ዶላር አገኘ። ጋራዥ ውስጥ አስቀምጧቸው የነበሩትን የፋብሪካ ዕቃዎች መለሰ፤ የጭስ ማጣሪያውንም ገጠመ። መኪናዋን አንድ መካኒክ ከነሙሉ ወረቀቷ፣ የደከመችውን ሲሊንደር እያወቀ፣ ሞተሩን ራሱ ሊያድስ በ10 ሺህ ዶላር ወሰዳት። በድምሩ 13,500። የኔ አፍ ወንድሜን 6,500 ዶላር አስከፍሎታል ማለት ነው፤ ልጅ ሊወለድለት ሦስት ወር ሲቀረው። ስለዚህ «እውነት ዋጋዋን ትመልሳለች» ብዬ አልሰብካችሁም። አልመለሰችም።

ግን እስቲ ሌላኛውን ሒሳብ እንሥራ። 17,600ው ዶላር ዱሮውኑ ሄዷል። ወንድሜ ስድስት ማርሽ ሲቀያይር ፈገግ ባለባቸው ማታዎች በልቶታል፤ ዋጋውን አግኝቷል። አልሆነም እንጂ ቢሆን ኖሮ፣ የ19 ዓመቱ ልጅ የሚከፍለው የመኪናዋን ዋጋ ሳይሆን የወንድሜን ደስታ ዕዳ ነበር። ሞተሩ አውራ ጎዳና ላይ ሲፈነዳበት ደግሞ የሚጠይቀው ሰው የለም። ሸማች ገዢን የማታለል ነገር ሲነሳ ቶሎ የምንሰድበው ደላላን ነው። ደላላው ግን ከእኛው ከባለቤቶቹ የሰማውን ነው የሚደግመው።

የተነካካች መኪና ያላችሁ ወዳጆቼ (አዲስ አበባም ሁኑ ቨርጂኒያ)፣ ትምህርት ቤት ያስተማሩኝን አምስት ጥያቄዎች ላበድራችሁ። ምን ተቀየረ? ማን ቀየረው? መቼ? የት ጋራዥ? ለምን ትሸጣለህ? አምስቱን መልሶ ያልጨረሰ ማስታወቂያ ማስታወቂያ አይደለም። ደረሰኝ አትጣሉ፤ የፋብሪካውን ዕቃም አትሽጡ። ስትገዙም ስትነካኩም ያወጣችሁትን የማይመለስ ብላችሁ አውጡት።

ወንድሜ አሁን የሚነዳው ኮሮላ ነው። ያልተነካካ። የኋላ ወንበሩ ላይ የሕፃን መቀመጫ ታስሯል። ባለፈው ሲደውል «ድምፅ የላትም እኮ!» ብሎ አማረረ። ከኋላ ግን ልጅቷ ሞተር የሚያስንቅ ለቅሶ ታሰማ ነበር።