ጉድለቱ ወዴት ሄደ? ለገንዘብ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ከአዴት፣ ይልማና ዴንሳ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ገንዘብ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የበጀት ጉድለት አሸፋፈንንና የወረዳዎችን ድርሻ ይመለከታል

ክቡር ሚኒስትር፣

የ2018 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ በሰኔ 2017 ዓ.ም. መገባደጃ ጸድቋል። ከዚህ ውስጥ 417 ቢሊዮን ብር ገደማው ጉድለት ነው። ሚኒስቴሩ ይህ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ሲነጻጸር 2 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አስረድቷል። ቁጥሩ መልካም ይመስላል። ከአዴት፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ሲታይ ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል፦ ከበጀት ሰነዱ ላይ የቀነሰው ጉድለት ጠፍቷል ወይስ ወደ ሌላ ሰው ትከሻ ተዛውሯል?

ጉድለት መቀነስ እንዳለበት የጎጃም ገበሬ ማስረጃ አይፈልግም። መንግሥት የጎደለውን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ እየወሰደ በሞላባቸው ዓመታት የዋጋ ንረቱ ተባብሶ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከ30 በመቶ በላይ ደረሰ። አዴት ገበያ ላይ ነጭ ጤፉን በጥሩ ዋጋ የሸጠ ሰው ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ የልጁን ደብተርና ማዳበሪያውን ሲገዛ ያገኘው ሁሉ ከእጁ ይወጣ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ለመንግሥት የሚሰጠውን ቀጥታ ብድር ከቀደመው ዓመት ወደ አንድ ሦስተኛ ለማውረድ መወሰኑ ስለዚህ ተገቢ ነበር። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አገሪቱ በ2007 ዓ.ም. ለዓለም ገበያ በሸጠችው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል መቅረቷም በብድር ላይ መኖር ገደብ እንዳለው በግልጽ አሳይቷል።

ነገር ግን በኢትዮጵያ ጉድለት ከበጀት መዝገብ ወጥቶ ሌላ ቤት የመግባት ረጅም ልማድ አለው።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ከሚሰጡት እያንዳንዱ ብድር 27 በመቶ የሚሆን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ተገደዱ። ይህ በ2012 ዓ.ም. ቢነሣም፣ በ2015 ዓ.ም. ከአዲስ ብድር 20 በመቶ የሚሆን የግምጃ ቤት ቦንድ ግዙ የሚል መመሪያ መጣ። በበጀት ሰነዱ ላይ ይህ የአገር ውስጥ ብድር ተብሎ በአንድ መስመር ያልፍ ነበር። በቡሬ በርበሬና በቆሎ ለሚሰበስበው ነጋዴ ግን ሳያገኘው የቀረ ብድር ነበር።

ሌላው መደበቂያ የመንግሥት ድርጅቶች ናቸው። በ2003 ዓ.ም. በጀመረው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን የተያዘው የጣና በለስ ስኳር ፕሮጀክት ለጎጃም ቅርብ ምሳሌ ነው። ፋብሪካዎቹ በውላቸው ጊዜ ሳይጠናቀቁ ዓመታት አለፉ፤ ስኳር ሳያወጡ የብድሩ ወለድ ይቆጥር ነበር። ይህ ዓይነቱ ወጪ በየዓመቱ በሚጸድቀው በጀት ላይ ጉድለት ሆኖ አልታየም፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብድር ሆኖ ተቀመጠ። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የድርጅቶቹን ዕዳ ለባንኩ ለመተካት እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ ሲፈቅድ፣ ለዓመታት በድርጅቶች ስም ተሸፍኖ የቆየው ጉድለት በአንድ ጊዜ የሕዝብ ዕዳ ሆነ።

ሦስተኛው መሄጃ ወረዳ ነው። ይህ ደብዳቤ የተጻፈውም በዋናነት ለዚሁ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ከ386.9 ቢሊዮን ብር የፌዴራል በጀት 140.8 ቢሊዮኑ ለክልሎች ድጎማ ነበር፤ 36 በመቶ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ከ801.6 ቢሊዮን ብር 214 ቢሊዮኑ፣ ማለትም 27 በመቶው ሆነ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ከ1.93 ትሪሊዮን ብር 315 ቢሊዮን ገደማ፣ 16 በመቶ ብቻ። በስድስት ዓመት ውስጥ የፌዴራሉ በጀት አምስት እጥፍ ሲያድግ የክልሎች ድጎማ ከእጥፍ ጥቂት ብቻ አለፈ፤ የገበያው ዋጋ ደግሞ ከድጎማው ፈጥኖ ሄዷል። የጋራ ገቢዎች ማከፋፈያ ቀመር ለክልሎች በሚበጅ መንገድ መሻሻሉ እውነት ነው። የዕዳ ክፍያና የደመወዝ ጭማሪም የፌዴራሉን በጀት አሳብጠዋል። ሆኖም የጋራ ገቢ የሚገኘው ንግድ ካለበት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግጭት ውስጥ ላለው የአማራ ክልል፣ መንገድ በሚዘጋበትና ገበያ በሚበተንበት አካባቢ፣ ድጎማው የሚተካው ነገር የለም።

የወረዳ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚከፈለው ደመወዝ ነው። ከዚያ ለጤና ጣቢያ መድኃኒት፣ ለትምህርት ቤት ጠመኔና ወንበር፣ ለገጠር መንገድ ጥገና የሚተርፈው ጥቂት ይሆናል። ክፍተቱን የሚሞላው መዋጮ ነው፤ ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድ፣ ለልዩ ልዩ ጉዳይ እየተባለ ከገበሬው ይሰበሰባል። ገበሬው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብሩን ለክልሉ ይከፍላል፤ በሚገዛው ዕቃ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ መዋጮ አለበት። የአዲስ አበባው ጉድለት 2 በመቶ ነው ሲባል ይህ መዋጮ በስሌቱ ውስጥ የለም።

ሚኒስቴሩ በዚህ አካባቢ የግብርን ታሪክ ማስታወስ ይኖርበታል። በ1960 ዓ.ም. አሥራትን በእርሻ ገቢ ግብር የሚተካ አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ከሞጣና ከቢቸና እስከ ዳሞት ተነሣ። ገበሬው የፈራው የብሩን መጠን ብቻ አልነበረም። ገማቾች መጥተው መሬቱን ይለካሉ፣ ከልኬቱ በኋላ ርስቱ ይነጠቃል ብሎ ጠረጠራቸው። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ የተጠራቀመው ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ግምጃ ቤቱ ያሰበውን ገቢ አላገኘም፤ ለዘመቻ ያወጣውም ቀረበት። በሰኔ 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ኬንያም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። መንግሥት ጉድለቱን በአዳዲስ ታክሶች ለመሙላት ያቀረበው የፋይናንስ ሕግ ረቂቅ ከብዙ ወጣቶች ሞት በኋላ ተነሥቷል። በሁለቱም ቦታ ከፋዩ ግብር ጠያቂውን አላመነም።

የአገሪቱ የታክስ ገቢ ከጠቅላላ ምርቷ አንጻር በ2007 ዓ.ም. ከ12 በመቶ በላይ ነበር፤ በኋላ ከ8 በመቶ በታች ወርዷል። ስለዚህ ገቢ መጨመሩ ግድ ነው። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነጻ የሆነውን ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ማሳደጉ ይደገፋል። ሆኖም ከፍተኛው የ35 በመቶ ግብር ከ14,000 ብር በላይ ባለው ደመወዝ ላይ ይጀምራል። ደመወዝተኛው ደመወዙ ከእጁ ሳይገባ ግብሩ ይቆረጥበታል። የቀረጥ ነጻ መብትና የግብር እፎይታ የሚያገኘው ባለሀብት ግን ስንት እንደተተወለት ሕዝቡ አያውቅም። የፌዴራል ዋና ኦዲተርም በየዓመቱ ያልተሰበሰበ ገቢና ያልተወራረደ ሒሳብ ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ ብዙው ግኝት በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ አራት ነገሮችን ይጠይቃል።

አንደኛ፣ የበጀት መግለጫው ከጉድለቱ ቁጥር ጋር ከበጀት ውጭ ያለውን ሸክም ያሳይ፤ ለሥራ ተቋራጮች ያልተከፈለውን፣ መንግሥት ለድርጅቶች ዋስ የሆነበትን ዕዳ፣ ባንኮች የያዙትን የመንግሥት ሰነድ።

ሁለተኛ፣ በቀረጥ ነጻና በግብር እፎይታ የተተወው ገቢ በዘርፍና በተጠቃሚ ተለይቶ ከበጀቱ ጋር ለምክር ቤቱ ይቅረብ። የኦዲት ግኝት ያላስተካከለ መሥሪያ ቤትም የሚቀጥለው ዓመት የሥራ ማስኬጃው ይቀነስ። ከደመወዝተኛውና ከገበሬው ተጨማሪ ከመጠየቁ በፊት ይህ ይቅደም።

ሦስተኛ፣ አዲስ ግዙፍ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት የተጀመረው ይጠናቀቅ። የጣና በለስ ዓይነት ወጪ መደገም የለበትም።

አራተኛ፣ የክልሎች ድጎማ ከፌዴራል በጀቱ የማይወርድበት ዝቅተኛ ድርሻ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር ተመክሮበት ይወሰን። በወረዳና በቀበሌ የሚሰበሰበው መዋጮም በደረሰኝ ይሁን፣ በመዝገብ ይያዝ፣ ከአገሪቱ የገቢ ሪፖርት ውስጥ ይግባ።

ክቡር ሚኒስትር፣ እነዚህ ጥያቄዎች ከግምጃ ቤቱ ብዙ ብር አይጠይቁም። አብዛኛው መረጃ በሚኒስቴሩ፣ በብሔራዊ ባንክና በዋና ኦዲተር እጅ ይገኛል። በሚቀጥለው የበጀት መግለጫ ላይ ጉድለቱ በማን እንደተሸፈነ የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ እንዲጨመር፣ ሰነዱም በየወረዳው የፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ በአማርኛ እንዲለጠፍ በአክብሮት ይጠየቃል።

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
ለፌዴሬሽን ምክር ቤት
ለአማራ ክልል ገንዘብ ቢሮ