የሰጠመ ብረትም ይናገራል

ደጋ ላይ ተወልዶ ስለ ሰጠመ መርከብ የሚጽፍ ተማሪ ሳያስቅ አይቀርም። እኔ ባሕርን ያየሁት በሥዕል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ፥ ውድ አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ ከደጃችን የራቀ አይደለም።

በመጋቢት ወር መጨረሻ 1933 ዓ.ም. ምጽዋ በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅ፥ ጣሊያኖች ወደቡ ለጠላት እንዳይጠቅም ብለው መርከቦችንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎችን ሆን ብለው አሰጠሙ። እዚህ ከደባርቅ አጠገብ ወልቀፊት ላይ የመሸገው ጦራቸው ግን እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ድረስ እጁን አልሰጠም። ስለዚህ የምጽዋው የባሕር ብረትና የሊማሊሞው የገደል ብረት የአንድ ጦርነት ልጆች ናቸው።

የምጽዋውን ብረት በ1934 ዓ.ም. ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኰንን መጥቶ ያነሣው ጀመር። ትልቁን መጠገኛ ያነሣው ውኃውን በተጨመቀ አየር ከውስጡ እየገፋ በማስወጣት ነው። ሳይፈነዳ የቀረ ቦምብም ተገኝቶበታል። ጦርነት ነበርና ወደቡ መከፈት ነበረበት፤ አልነቅፈውም። የምነቅፈው፥ ጦርነቱ ካለፈ በኋላም የሰጠመን ነገር ሁሉ በኪሎ የምንመዝነውን ነው።

ሌላ መንገድ አለ። ወልቀፊት በወደቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ፥ መስከረም 26 ቀን 1934 ዓ.ም.፥ ቲስልጎርም የምትባል የእንግሊዝ የእንፋሎት መርከብ በግብፅ አጠገብ በቀይ ባሕር ቆማ ሳለች የጀርመን አውሮፕላኖች በቦምብ መቷት። ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ካሚዮን፥ ሞተር ብስክሌት፥ ቦቲ ጫማ፥ ሁለት የባቡር ራስ ሳይቀር ጭና ነበር። ከዓመታት በኋላ ጠላቂ ዋናተኞች ለመታሰቢያ እያሉ ብዙ ዕቃ ዘርፈዋታል። በፈረንጅ አቆጣጠር 2017 ግን የአርኬዎሎጂ ሊቃውንት ወርደው፥ ምንም ሳያነሡ፥ በሺሕ የሚቈጠር ፎቶግራፍ አንሥተው መልኳን እንዳለ በኮምፒውተር ሠሩት።

ለምን አላነሡም? ጫማው ከሞተር ብስክሌቱ አጠገብ ሲገኝ የጭነቱን አደራደር ይነግረናል፤ ከቦታው ከተነሣ ግን ጫማ ብቻ ነው።

በ2001 በፈረንጅ አቆጣጠር የዩኔስኮ ጉባኤ ያወጣው ስምምነት የሚጠብቀው ከውኃ በታች ቢያንስ 100 ዓመት የቈየውን ቅርስ ነው። እንግዲህ በምጽዋ የቀረ ብረት ካለ ይህን ዕድሜ የሚሞላው ገና በ2033 ዓ.ም. ነው። ይህ ቍጥር አልዋጥልህ ብሎኛል። ጨው 100 ዓመት አይጠብቅም፤ ቍራሌው ደግሞ ከጨውም ይፈጥናል።

ምስክሩ እኔው ነኝ። አጎቴ ከመንገዱ በታች ሲያርስ የዝገት ልብስ የለበሰ የብረት ሣጥን አገኘ። ቆራርጠን ለቍራሌ ሸጥነው፤ እስከ ገበያ የተሸከምሁትም እኔ ነበርሁ። በገንዘቡ ደብተር ተገዝቶልኛል። በዚያ ደብተር ላይ ግን የሣጥኑን መልክ፥ የተገኘበትን ስፍራ፥ በክዳኑ ላይ የተቀረጸውን የፈረንጅ ፊደል አልጻፍሁም።

አጎቴን ድኻ አትሽጥ ልለው አልችልም። የምጠይቀው ከመሸጡ በፊት ያለውን አንድ ሰዓት ነው። የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ ከደባርቅ እስከ ዳባት ያሉ ገበሬዎች ብረት ሲያገኙ ሜትርና እርሳስ ይዞ ይሂድ፤ ይለካ፥ ይሣል፥ የአዛውንቱን ቃል ይመዝግብ። ጥይትና ቦምብ የሚመስለውን ግን ማንም አይንካ፤ ለፖሊስ ይነገር።

ከዚያ ሣጥን ፊደል እኔ የማስታውሰው አምስት እንደ ነበሩ ብቻ ነው።