የቤተ ክርስቲያን ደጅና ኦቲዝም ያለባቸው ምእመናን

በመጽሐፈ ሳሙኤል መጀመሪያ የተጻፈውን የሐናን ታሪክ የማያውቅ ካህን የለም። ሐና ልጅ በማጣቷ ልቧ አዝኖ በሴሎ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብታ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ካህኑ ዔሊም ይህን ያልተለመደ ጸሎት አይቶ የሰከረች መስሎት ገሠጻት። የልቧን ኀዘን በገለጸችለት ጊዜ ግን ስሕተቱን አውቆ መርቆ በሰላም አሰናበታት። የዔሊ ስሕተት ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ ጸሎት ይህን ይመስላል ብሎ ከለመደው መልክ የወጣ ነገር ስላየ ብቻ ነው። ይኸው ስሕተት ዛሬም በአጥቢያዎቻችን ሲደገም ስለምናይ፣ ለካህናትና ለሹማምንት ጥቂት ቃል ማመልከት የተገባ ሁኖ አግኝተነዋል።

በበዓል ቀን ጧት አንዲት እናት ዐሥር ዓመት የሞላውን ልጇን ይዛ ትመጣለች። ልጁ ከበሮው ሲመታ ጆሮውን በእጁ ይደፍናል፤ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ አንዱን ቃል ደጋግሞ ይጮኻል። ነጠላ ቢያለብሱት የጨርቁ መነካካት እንደ እሾኽ ስለሚሆንበት አውልቆ ይጥለዋል። በአጠገቧ የቆሙት ይገላምጧታል። አንዱ ቅጣት ያላየ ልጅ ነው ይላል፤ ሌላው ርኩስ መንፈስ ይዞታል ይላል፤ በመጨረሻም ሥርዓት የሚያስከብረው ሰው ልጁን ይዛ እንድትወጣ ያዛታል። እናቲቱ ትወጣለች፤ በሚቀጥለውም በዓል አትመጣም። እንዲህ ሁኖ በአንድ ልጅ ምክንያት ቤተ ሰቡ በሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ይርቃል፤ ወዴት ሄዱ ብሎ የሚጠይቅም አይገኝም።

ኦቲዝም የሚባለው ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. ሌዎ ካነር የተባለ በአሜሪካ አገር የነበረ ሐኪም የ11 ልጆችን ጠባይ መርምሮ ከጻፈ ወዲህ በሕክምና ሊቃውንት ዘንድ በዚህ ስም እየታወቀ ሄደ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት ከሊቃውንቱ አንዳንዶቹ ነገሩ ከእናት ፍቅር መቀዝቀዝ የመጣ ነው እያሉ እናቶችን ሲወቅሱ ኖረዋል፤ ኋላ ግን ምርመራው ሲጠነክር ነቀፋው ሐሰት መሆኑ ተገለጠ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ያህል ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። በዚህ ግምት ቢሰላ አንድ ሺህ ምእመናን ባሉበት አጥቢያ ስምንት ያህል ይገኛሉ ማለት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዳንዱ ፈጽሞ አይናገርም፤ አንዳንዱ ተምሮ ሥራ ይዞ ይኖራል፤ ነገር ግን የሰው ግፊያና ታላቅ ድምፅ ያስጨንቀዋል።

ደቀ መዛሙርት ዕውር ሁኖ የተወለደውን ሰው አይተው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ የበደሉ ብለው ጌታን በጠየቁት ጊዜ፣ እርሱም ወላጆቹም አለመበደላቸውን ነግሯቸዋል። ይህን ወንጌል የምናነብ ሰዎች እናቲቱን ምን ኃጢአት ሠራሽ ብለን ልንመረምር አይገባንም። ጠበልንም አንነቅፍም፤ በእምነት የሚመጣውን ማን ይከለክላል? ነገር ግን ንክኪና ድምፅ የሚያስጨንቀውን ልጅ በግድ ይዞ ውኃ ማፍሰስ፣ ማሰርና መምታት ፍርሃትን ያተርፋል እንጂ ፈውስን አያመጣም፤ ልጁም ከዚያ ወዲያ የቤተ ክርስቲያኑን በር ባየ ቁጥር ይሸሻል።

ምናልባት ቅዳሴ ጸጥታን የሚሻ ስለሆነ የአንዱ ጩኸት የብዙውን ጸሎት ያውካል የሚሉ ይኖራሉ። ይህ ቃል ፈጽሞ ከንቱ ነው አንልም። ሆኖም መልሱን ከሌላ ቦታ ሳይሆን ከራሷ ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እናገኘዋለን።

አንደኛ፣ ይህ ልጅ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ተጠምቆ ሥጋ ወደሙን ተቀብሏል። በዚያን ቀን መናገር ትችላለህን፣ ምሥጢሩ ገብቶሃልን ብሎ የጠየቀው የለም። አልቅሶም ነበር፤ ስላለቀሰም ያስወጣው የለም። በቃሉ ጉድለት ሳይመዘን የተቀበልነውን፣ ካደገ በኋላ በዚያው ጉድለት መዝነን ልንመልሰው እንዴት ይቻለናል?

ሁለተኛ፣ አባቶቻችን ቆመው የሚያድሩበት አገልግሎት ረዥም መሆኑን ስላወቁ ጉልበት ለሚደክም ሰው መቋሚያን ሠርተዋል። መቋሚያ የያዘውን ሰው ሥርዓት አፈረሰ የሚለው የለም፤ እንዲያውም መቋሚያው ራሱ የሥርዓቱ ጌጥ ሁኗል። ለእግር መደገፊያ የሰጠች ቤተ ክርስቲያን ጆሮው ለሚደክመው ልጅ መደገፊያ ብትሰጥ አዲስ ትምህርት አመጣች አይባልም።

ሦስተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ሰፊ ነው። በልዩ ልዩ ምክንያት ወደ ውስጥ የማይገባ ምእመን በዛፍ ሥር ቆሞ ሲጸልይ ከማኅበሩ ተለየ አይባልም። ለእነዚህ ልጆችም እንደዚሁ ይሁን። ነገር ግን በፈቃዱ በዛፍ ጥላ የሚቆምና ተባሮ ከደጅ የሚቆም አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን ልጁ ባይናገረው እናቱ ታውቀዋለች።

ከዚህም በላይ አንድ አስተዋይ ሰው ሊመለከተው የሚገባ ነገር አለ። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ነገር ሁሉ በቦታውና በጊዜው፣ ሳይለወጥ ሲደጋገም ደስ ይላቸዋል። እንግዲህ በዓለም ላይ እንደ ቅዳሴያችን ተራው የተጠበቀ፣ የዲያቆኑ ትእዛዝና የሕዝቡ ተሰጥዎ ከዓመት እስከ ዓመት የማይናወጥ ነገር ከወዴት ይገኛል? ሌላ ስፍራ ሁሉ የሚያስደነግጠው ሰው፣ በዝግታ ከተለማመደ፣ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዕረፍት ሊያገኝ ይችላል።

ስለዚህ ከካህናት የምንለምነው ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም። የንስሓ አባት ከመዓርግ ልጆቹ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለ ይወቅ፤ በቤቱም ይጎብኘው። ልጁ ሰው በሌለበት ቀን መጥቶ ቦታውን ይመልከት፤ መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ፣ በኋላም ከዚያ የበለጠ ይቆይ። ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ አንድ ማዕዘን ይለይለት፤ የማጉያውም ድምፅ ከልክ አይለፍ። መስቀል ለመሳለም ከግፊያው በፊት ወይም በኋላ ይምጣ። የሚበላው ምግብ ጥቂት ዓይነት ብቻ የሆነውን ልጅ የንስሓ አባቱ በጾም ጊዜ እንደ ድውይ ይመልከተው። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም ለልጁ የሚስማማ ሥራ ይስጡት፤ መጻሕፍትን በተራ ማስቀመጥ ወይም ዐጸዱን መጥረግ ትንሽ አገልግሎት አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ከዐውደ ምሕረት አንድ ቀን ስለዚህ ነገር ይሰበክ፤ ሕዝቡ የሚገላምጠው ስለማያውቅ ነውና። በመስጊድና በሌሎችም የእምነት ቤቶች ያሉ አባቶች ይህንኑ እንዲያስቡበት እናሳስባለን።

ለሹማምንትም የምንለው አለን። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች፤ ነገር ግን አዋጅ በመዝገብ ከመቀመጡ በቀር እናቲቱን ከደጅ አያስገባትም። የኦቲዝም ምርመራና ትምህርት የሚገኘው በአብዛኛው በአዲስ አበባ ነው። በዚሁ ከተማ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማእከልን ያቋቋሙት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. እስከ ዐረፉበት ጊዜ ድረስ የደከሙት ልጃቸውን ለማሳደግ ሲሉ ባገኙት ዕውቀት ነበር። በገጠር ያለች እናት ግን ሐኪም ከማግኘቷ በፊት ካህን ታገኛለች። ስለዚህ የጤናና የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች ለካህናት ማሠልጠኛዎች የሚሆን አጭር ትምህርት ቢያዘጋጁ፣ መጋቢት 24 ቀን በየዓመቱ ከሚነገረው ቃል የበለጠ ፍሬ ያፈራል ብለን እናምናለን።

ዔሊ በመጀመሪያ አሳቡ ጸንቶ ሐናን ቢያባርራት ኖሮ የሚጎዳው እርሷ ብቻ አልነበረችም። ስሕተቱን ስላረመ ግን፣ ያች ሴት ልጇን ሳሙኤልን ወደዚያው ቤት መልሳ አመጣችው፤ ብላቴናውም በዔሊ ፊት እያገለገለ አደገ። ዛሬም በየደጃችን ልጃቸውን ይዘው የቆሙ እናቶች አሉ። ከመገሠጻችን በፊት እንጠይቃቸው።