ሕፃን ይዞ በአይሮፕላን ስለ መጓዝ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በአይሮፕላን ስንጓዝ፣ ከአጠገባችን የሰባት ወር ሕፃን የታቀፈች አንዲት ወጣት እናት ተቀምጣ ነበር። ባለቤቷ በዚያ አገር በወደብ ሥራ ላይ ስለሆነ፣ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታሳየው መሄዷ ነው። አይሮፕላኑ ሲነሣ ሕፃኑ አላለቀሰም፤ ጥቂት ቆይቶም እንቅልፍ ወሰደው። ልንወርድ መሆናችን በተነገረ ጊዜ እናቲቱ ወደ እኛ ዘወር ብላ፣ «ጋሼ፣ ልቀስቅሰው ይሆን?» ስትል ጠየቀችን። እኛም ብዙ አገር እንዳየ ሰው ሆነን፣ «ተዪው ልጄ፣ የተኛ ሕፃን አይነካም» አልናት።

ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሕፃኑ እየጮኸ ነቃ። ጆሮውን በእጁ ይጐትታል፤ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ከፊት ያሉት ተሳፋሪዎች እየዞሩ ተመለከቱ፤ አንዱማ ሁሉም እስኪሰማው ድረስ አጉረመረመ። የእናቲቱ እንባ መጣ። በዚህ ጊዜ ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት ባልቴት፣ «ጡት አጉርሺው እንጂ! ጆሮው ተደፍኖበት ነው» አሏት። እንዳሉትም አደረገች፤ ሕፃኑም ጥቂት ካስቸገረ በኋላ መጥባት ጀመረ፣ ጩኸቱም ቆመ። ይህን ከየት እንዳወቁት ባልቴቲቱን ብንጠይቃቸው፣ «ዓባይ በረሃን በአውቶቡስ ስንወርድ ልጆቼን ሁሉ እንዲህ ነበር የማደርጋቸው» አሉን።

እኛ ግን በሰጠነው ምክር እስከ ዛሬ ስለምናፍር፣ ነገሩን መርምረን ለአንባብያን ማቅረብ ወደድን።

ከጆሮ ታምቡር በስተ ውስጥ ወደ ጉሮሮ የምትወርድ አንዲት ቀጭን ቧንቧ አለች። የውስጡ አየር ከውጭው አየር ጋር የሚተካከለው በእርሷ በኩል ነው፤ ሰው በዋጠ ወይም ባዛጋ ቍጥር ትከፈታለች። ሳትከፈት ብትቀር የውጭው አየር ታምቡሩን ወደ ውስጥ እየገፋ ያሳምማል፤ በአማርኛ «ጆሮዬ ተደፈነ» የምንለው ይህንኑ ነው። በሕፃናት ዘንድ ይህች ቧንቧ ጠባብና ወደ አግድም ያዘነበለች ስለሆነች በቀላሉ አትከፈትም። የተኛ ሰው ደግሞ ምራቁን የሚውጠው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው አንድ የተለየ ነገር አለ። በዛሬ ጊዜ አይሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በመሣሪያ ስለሚታመቅ፣ ቢሣሣ ቢሣሣ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው አገር እንደሚገኘው አየር ነው። (የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ በጀመረባቸው የዳኮታ አይሮፕላኖች እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበረም።) የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የተነሣ ሕፃን ሲወጣ ብዙ ለውጥ አይሰማውም፤ እኛም የተታለልነው በዚህ ነው። ናይሮቢ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነች ቍልቍለቱ መጠነኛ ነው፤ ጅቡቲ፣ ሞቃዲሾ፣ ሞምባሳና ዱባይ ግን በባሕር ጠረፍ ስላሉ፣ ደገኛው ሕፃን ያን ሁሉ ከፍታ በግማሽ ሰዓት ያህል ይወርዳል።

እንግዲህ መውረድ ሲጀመር ሕፃኑን ቀስቅሶ ጡት ወይም ጡጦ መስጠት ይገባል፤ ጡት የተወውም ውሃ በትንሽ በትንሹ ይጐንጭ። ከረሜላ ትንንሽ ልጆችን ያንቃልና አይሰጥ። ጉንፋን የያዘው ሕፃን ቧንቧው ስለሚያብጥ፣ ከጉዞው በፊት ሐኪም ይየው። አንዳንድ ወላጆች ልጁ እንዲተኛ ብለው የሳል ሽሮፕ ያጠጡታል፤ ይህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ የማይደረግ ነው። በእቅፍ ላለ ሕፃን የተሠራ ትንሽ ቀበቶ ካለ ከአስተናጋጆች ይጠየቅ እንጂ፣ የእናቲቱን ቀበቶ በሁለቱም ላይ ማሰር አደገኛ ነው፤ አይሮፕላኑ በድንገት ቢናወጥ ሕፃኑን የምትጫነው እናቱ ራሷ ናት።

ጅቡቲ ስንደርስ ሕፃኑ ጡት እንደ ጐረሰ ተኝቶ ነበር። አባትየው በመውጫው በር ተቀብሎ ከታቀፈው በኋላ፣ «ዓይኑ ቀልቷል፤ አለቀሰ እንዴ?» ሲል ሰማነው። እናቲቱ ወደ እኛ ተመልክታ ዝም አለች። እኛም ሻንጣችንን ለመፈለግ ቸኰልን።