ለወታደር ሕሊና ጠባቂ የሚሆኑ ባለሙያዎችን ስለ ማሠልጠን

ወታደር ሲዘምት ጠመንጃውንና ስንቁን የሚያዘጋጅለት መንግሥት ነው። ከዘመቻ ሲመለስ ግን አብሮት የሚመጣውን እንቅልፍ ማጣት፤ ቊጣና የወደቀ ጓደኛውን ትዝታ ማን እንደሚረከበው ገና በቂ መልስ አላገኘም።

ይህ ነገር ለሰሜን ሸዋ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ አርበኞችን ሲመሩ፤ የቆሰለውን የሚያስታምመው ዘመድ፤ የሚያጽናናውም የነፍስ አባት ነበረ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና የደብረ ሲናን አካባቢ በደረሰ ጊዜም ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሽቷል። ሕሊናው የታወከ ወታደር እስከ ዛሬ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ጠበል ነው፤ ሸንኮራ ዮሐንስን ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ይህን የምንጽፈው ለመንቀፍ አይደለም፤ የካህኑን ሥራ ባለሙያው ሊሠራው አይችልምና። ነገር ግን የጡረታውን ጒዳይ የሚከታተል፤ ሚስቱንና ልጆቹን የሚጐበኝ፤ ከሐኪሙም ጋራ የሚያገናኘው የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

በአሜሪካ አገር የስሚዝ ኮሌጅ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1918 ዓ.ም. በጦርነት ሕሊናቸው የተጐዳ ወታደሮችን የሚረዱ ሰዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ዛሬም የዚያ አገር ጦር በሳን አንቶኒዮ ከተማ መኰንኖቹን በሶሻል ወርክ ማስተርስ ያስተምራል፤ ተማሪውም ትምህርቱን በጨረሰ ጊዜ በጦሩ ውስጥ ለዓመታት እንዲያገለግል በፊርማ ይገደዳል። የእኛም አገር ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለችም፤ በአዲስ አበባ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በ1959 ተከፍቶ በአብዮቱ ዘመን ተዘጋ፤ በ2004 በማስተርስ ደረጃ እንደ ገና ተጀመረ፤ እነዚህም ዓመታት በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በስመ ጥሩው ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ካምፓስ አለው። ከመከላከያ ጋራ ተስማምቶ ይህን ትምህርት ቢጀምር፤ ተማሪውም ልምምዱን በከተማው ሆስፒታልና በአንኮበር ቊልቊለት ባሉት የገጠር ቤቶች ቢያደርግ መልካም ይመስለናል። የአንኮበርን መንገድ በእግሩ ያልወጣ ባለሙያ እግሩን ያጣ ወታደር ለምን ከቤቱ እንደማይወጣ በቶሎ አይገባውም።

ስለ ግዴታው ግን በግልጽ መነጋገር ይገባል። መንግሥት ያስተማረውን ሰው አገልግሎት መጠየቁ ፍትሕ ነው፤ ለአንድ ዓመት ትምህርት ሁለት ዓመት ቢሆን ከባድ አይሆንም። የግዴታው ልክ ሳይነገረው የፈረመ ሰው ግን ሥራውን እንደ እስራት ይቈጥረዋል፤ የታከተ ባለሙያ ደግሞ የታከተውን ወታደር አያነሣም።

ከዚህ የሚከብደው የምስጢር ነገር ነው። ባለሙያው ማዕርግ ለብሶ ከአዛዥ በታች ይሠራል፤ ወታደሩ የነገረው ቃል ነገ በአለቃው ጠረጴዛ ላይ የሚገኝ ከሆነ ማንም አፉን አይከፍትለትም። የነፍስ አባት የንስሐን ቃል እንዴት እንደሚጠብቅ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ካልመጣ በቀር አዛዡ ሊጠይቀው የማይችለው ነገር ምን እንደ ሆነ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ውሉም ከመፈረሙ በፊት ከሠልጣኙ ጋራ ከሰፈር ወደ ሰፈር ለሚዞሩት ለትዳር ጓደኛውና ለቤተ ሰቡ ጭምር ይነበብ።