መጽሐፉ የደራሲው፣ አንባቢው የማን?

በአገራችን «ደራሲ ነኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ አሳታሚም ነው፡፡ ረቂቁን ሲጨርስ ከወዳጅ ዘመድ ገንዘብ ይበደራል፣ ማተሚያ ቤት ሄዶ ዋጋ ይጠይቃል፣ ሽፋን ያሠራል፣ መጽሐፉ ሲወጣም በታክሲ እየጫነ ለመጻሕፍት መደብሮች ያከፋፍላል፡፡ አሜሪካውያን ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት እንደ አብዮት ያወሩለት በግል የማሳተም ሥራ ለእኛ ደራሲያን የኖረ ዕዳ ነው፡፡

ታዲያ በዚያ አገር በግላቸው ካሳተሙ የፍቅር ልቦለድ ጸሐፊዎች መካከል በብዕራቸው የሚተዳደሩ ሲገኙ፣ ከእኛዎቹ ብዙዎቹ ከሁለተኛው መጽሐፍ በኋላ ድምፃቸው የሚጠፋው ለምንድን ነው? የመግዛት አቅም፣ የወረቀት ዋጋና የንባብ ባህል የሚሉ መልሶች ወዲያው ይመጣሉ፡፡ ሁሉም እውነትነት አላቸው፡፡ ይሁን እንጂ ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ አይመልሱትም፡፡ የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ልዩነቱ ከመጽሐፉ ይልቅ በአንባቢው አያያዝ ላይ ነው የሚል ነው፡፡ የአገራችን ደራሲ መጽሐፉን ይሸጣል እንጂ አንባቢውን አያውቀውም፡፡

ከእምቢታ ወደ ሚሊዮን

አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ኪንድል የተሰኘውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ማንኛውም ሰው የራሱን ጽሑፍ ጭኖ የሚሸጥበትን መንገድ አብሮ ከፈተ፡፡ በ2010 ደግሞ ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ለሚሸጡ መጻሕፍት የደራሲውን ድርሻ 70 በመቶ አደረሰው፡፡ በመደበኛው አሳታሚ በኩል ለሚወጣ ርካሽ የወረቀት ልባስ ልቦለድ ደራሲው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች እንደሚያገኝ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፡፡ በ2.99 ዶላር ከሚሸጥ መጽሐፍ ሁለት ዶላር ገደማ በደራሲው ኪስ ይገባል ማለት ነው፡፡

በዚህ በር ቀድመው ከገቡት አንዷ በሚኒሶታ ግዛት የምትኖረው አማንዳ ሆኪንግ ናት፡፡ አካል ጉዳተኞችን በሚንከባከብ ተቋም እየሠራች በትርፍ ጊዜዋ ለወጣቶች የሚሆኑ የፍቅርና የምትሐት ልቦለዶችን ትጽፍ ነበር፡፡ አሳታሚዎችና ወኪሎች በተደጋጋሚ እምቢ አሏት፡፡ በሚያዝያ 2010 መጻሕፍቷን ራሷ ማሳተም ጀመረች፡፡ ዓመት ሳይሞላ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሸጠች፤ በመጋቢት 2011 ደግሞ ሴንት ማርቲንስ ፕሬስ ለአራት መጻሕፍት 2 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍላት ተስማማ፡፡

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ትኩረት የሚስበው ሚሊዮኑ ሳይሆን ምክንያቱ ነው፡፡ ሆኪንግ ስኬታማ ሆና ሳለ ለምን ወደ አሳታሚ ሄደች? ራሷ በወቅቱ እንዳስረዳችው፣ ኢሜይል ስትመልስ፣ ሽፋን ስታሠራና አርታኢ ስትፈልግ የምታጠፋው ጊዜ መጻፊያ ጊዜዋን እየበላው ስለነበር ነው፡፡ አንባቢን መያዝ ራሱን የቻለ የሙሉ ጊዜ ሥራ መሆኑን ከዚህ መረዳት አያዳግትም፡፡

ቃል የሚጠብቅ ዘርፍ

ለምን ግን ከሌላው ዘርፍ ይልቅ የፍቅር ልቦለድ? በ1980 የተቋቋመው የአሜሪካ የፍቅር ልቦለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ለዘርፉ በሰጠው ትርጉም ሁለት ነገሮችን አስቀምጧል፡፡ አንደኛ፣ የታሪኩ ማዕከል የፍቅር ግንኙነት መሆን አለበት፡፡ ሁለተኛ፣ ፍጻሜው ስሜትን የሚያረካና ተስፋ ያለው መሆን አለበት፡፡ ይህ ትርጉም ሥነ ጽሑፋዊ ይምሰል እንጂ በተግባር በደራሲና በአንባቢ መካከል የተፈረመ ውል ነው፡፡ አንባቢዋ መጽሐፉን ስትገዛ መጨረሻውን ታውቃለች፤ የምትከፍለው ወደዚያ ለመድረሻው መንገድ ነው፡፡

ውሉ የሚከበር ከሆነ አንባቢዋ ትመለሳለች፡፡ በዚህም የተነሳ የዘርፉ ጸሐፊዎች መጻሕፍታቸውን በተከታታይ ይሠራሉ፡፡ በመጀመሪያው መጽሐፍ የጀግናው ወንድም የሆነው ገጸ ባሕርይ በሁለተኛው ራሱ ባለ ታሪክ ይሆናል፤ በሦስተኛው ደግሞ ጓደኛቸው፡፡ የመጀመሪያውን በርካሽ ወይም በነፃ መስጠትም የተለመደ ነው፡፡ ገቢው የሚመጣው ከተከታዮቹ ስለሆነ ነው፡፡

የሚያስገርመው፣ ያ ማኅበር በ2019 መጨረሻ ዘረኝነትን በሚመለከት በተነሳ ውዝግብ ተከፋፍሎ አባላቱን በብዛት አጥቶ፣ በግንቦት 2024 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል፡፡ ተቋሙ ሲዳከም ዘርፉ ግን አልተዳከመም፡፡ ምክንያቱም አንባቢው ታማኝ የነበረው ለማኅበሩ ሳይሆን ለደራሲዎቹና ለውሉ ነበር፡፡

የሰው ወርቅ አያደምቅ

በቴክሳስ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ የነበረችው ኮሊን ሁቨር የመጀመሪያ ልቦለዷን በጥር 2012 በራሷ አሳተመች፡፡ መጽሐፉን ከፍ ያደረገው ማስታወቂያ አልነበረም፡፡ የፍቅር ልቦለዶችን የምትገመግም አንዲት አንባቢ ወደደችው፣ ለሌሎች ነገረች፤ ከወራት በኋላ በኒውዮርክ ታይምስ የተሸጡ መጻሕፍት ዝርዝር ላይ ታየ፡፡ በ2016 ያወጣችው ሌላ ልቦለዷ ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ በ2021 በቲክቶክ አንባቢያን አማካይነት እንደገና ነፍስ ዘርቶ፣ በ2024 ፊልም ሆኗል፡፡ ሁሉንም የሠራው የአንባቢ አንደበት ነው፡፡

ነገር ግን የአንባቢው አንደበት የሚሰማው በማን አደባባይ ነው? ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል፡፡ አማዞን በሐምሌ 2014 ኪንድል አንሊሚትድ የተባለ ወርሃዊ የንባብ አገልግሎት ጀመረ፡፡ ደራሲው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፉን እዚያ ለማስገባት ቢያንስ ለ90 ቀናት በሌላ ቦታ እንዳይሸጥ ይስማማል፡፡ ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ደግሞ ክፍያው በተነበበ ገጽ ሆነ፡፡ የአንድ ገጽ ዋጋ ከግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነው፡፡ 300 ገጽ ያለው ልቦለድ ከዳር እስከ ዳር ቢነበብ ደራሲው የሚያገኘው ከ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም አያልፍም፡፡ ዋጋውን የሚወስነው ኩባንያው ነው፤ አንባቢዋ ማን እንደሆነች የሚያውቀውም ኩባንያው ብቻ ነው፡፡

ማኅበራዊ ሚዲያውም ቢሆን ከዚህ አይለይም፡፡ በጥር 2025 ቲክቶክ በአሜሪካ በሕግ ምክንያት ለሰዓታት ሲዘጋ፣ ዓመታት ለፍተው መቶ ሺዎችን ያሰባሰቡ ጸሐፊዎች በአንድ ሌሊት ተከታዮቻቸውን የሚያገኙበት በር ተቆልፎ አዩት፡፡ አገልግሎቱ ተመለሰ፤ ትምህርቱ ግን ቀረ፡፡ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው የአባቶች አባባል ለዚህ ዘመንም ይሠራል፡፡

ልምድ ያላቸው የዘርፉ ጸሐፊዎች መፍትሔ ብለው የያዙት ነገር እጅግ ቀላልና ያረጀ ነው፤ የአንባቢያን ኢሜይል ዝርዝር፡፡ በእያንዳንዱ መጽሐፍ መጨረሻ ገጽ ላይ አንባቢዋ አድራሻዋን እንድትሰጥ ይጋብዛሉ፤ በምላሹ ያልታተመ አጭር ታሪክ ይልኩላታል፡፡ ከዚያ በኋላ አዲስ መጽሐፍ ሲወጣ ማንንም ማስፈቀድ ሳያስፈልጋቸው ይነግሯታል፡፡ አሜሪካዊው ጸሐፊ ኬቨን ኬሊ በ2008 ባወጣው ታዋቂ መጣጥፍ፣ አንድ የፈጠራ ሰው ለመኖር ሚሊዮን ሕዝብ ሳይሆን በዓመት 100 ዶላር የሚያወጡለት 1,000 እውነተኛ ወዳጆች እንደሚበቁት ጽፎ ነበር፡፡ ስሌቱ ለሁሉም ላይሠራ ይችላል፡፡ አቅጣጫው ግን ትክክል ነው፡፡

ታማኝነት ዕዳም ነው

ታማኝ አንባቢ ዝም ብሎ የሚገዛ አይደለም፡፡ በጥር 2023 የሁቨር አሳታሚ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ካተኮረው ልቦለዷ የተወሰደ የቀለም መቀቢያ ደብተር ሊያወጣ መሆኑ ሲነገር ከሁሉም በፊት የተቆጡት የራሷ አንባቢያን ናቸው፡፡ የሴቶችን ስቃይ መጫወቻ ማድረግ ነው አሉ፡፡ ደራሲዋ ይቅርታ ጠየቀች፤ ዕቅዱም ወዲያው ተሰረዘ፡፡ አንባቢ ታማኝ ሲሆን የመቆጣትም መብት ያገኛል፡፡ ደራሲው ውሉን ሲያፈርስ፣ ለምሳሌ ሦስተኛውን ክፍል እሰጣለሁ ብሎ ሲቀር ወይም መጽሐፉን ሳያሳርም ሲያወጣ፣ የሚከስረው አንድ ሽያጭ ብቻ አይደለም፡፡

በዚህ ላይ አዲስ ፈተና ተጨምሯል፡፡ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጁ ጽሑፎች ገበያውን ሲያጥለቀልቁት አማዞን በመስከረም 2023 አንድ ሰው በቀን ሊጭናቸው የሚችላቸውን አዳዲስ መጻሕፍት በሦስት ገድቧል፡፡ በቀን ሦስት መጽሐፍ! ይህ ገደብ መሆኑን ልብ ይሏል፡፡ እንዲህ ባለው ጎርፍ መካከል አንባቢ የሚይዘው የሚያውቀውንና የሚያምነውን ስም ነው፡፡

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ለመሆኑ የእኛ አንባቢ የፍቅር ታሪክ አይወድም? ይህን የሚል ካለ ታሪክ ይመስክርበት፡፡ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ ማንበብ የማይችለው ሁሉ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ዕጣ ይከታተል ነበር፡፡ ዛሬም በቴሌግራምና በፌስቡክ «ክፍል አንድ»፣ «ክፍል ሁለት» እየተባለ የሚለቀቁ የፍቅር ታሪኮችን ከሥራ መልስ በታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኖ የሚያነብ ወጣት ብዙ ነው፡፡ «ይቀጥላል» የምትለዋ ቃል ኃይሏን አላጣችም፡፡ ሃያሲያን ዘርፉን ቢንቁትም አንባቢው አልናቀውም፡፡

ጉድለቱ ያለው በመካከል ባለው ድልድይ ላይ ነው፡፡ ደራሲው መጽሐፉን ለአከፋፋይ ያስረክባል፡፡ አከፋፋዩ ለመደብር፣ መደብሩ ለአዟሪ ያስተላልፋል፡፡ በመጨረሻ መጽሐፉን የገዛችው የባንክ ሠራተኛ ወይም ነርስ ማን እንደሆነች ደራሲው በምንም መንገድ አያውቅም፡፡ ሁለተኛው መጽሐፍ ሲወጣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፡፡ እንደገና ምረቃ ያዘጋጃል፣ እንደገና በሬዲዮ ያስነግራል፣ እንደገና ይበደራል፡፡

የብድሩ መጠን ደግሞ እንደ ቀድሞው አይደለም፡፡ ወረቀቱም ቀለሙም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ በመሆኑ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የማሳተሚያ ወጪው ጫና ከብዷል፡፡ በዚያ ላይ መጽሐፉ በወጣ በሳምንታት ውስጥ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም በነፃ ይሠራጫል፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያው ይህን ይከለክላሉ፡፡ ሆኖም አንድ ደራሲ በየቻናሉ ባለቤት ላይ ክስ እየመሠረተ መኖር አይችልም፡፡ ሕጉ መኖሩ መልካም ነው፤ ደራሲውን የሚያውቅና «የእሱን ሥራማ ሰርቄ አላነብም» የሚል አንባቢ ግን ከሕጉ ያልተናነሰ ጥበቃ ይሰጣል፡፡

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ደራሲው የአንባቢውን አድራሻ ይያዝ፡፡ በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ የስልክ ወይም የቴሌግራም አድራሻ ማኖር ወጪ የለውም፡፡ ኢሜይል በእኛ አገር ብዙም አልተለመደም፤ የስልክ ቁጥር ግን ሁሉም አለው፡፡ የቴሌግራም ቻናልም ቢሆን የሰው ቤት መሆኑ እንዳይዘነጋ፡፡ ዋናው መዝገብ በደራሲው እጅ መሆን አለበት፤ በአደራ የተሰጠ ስለሆነም ለሌላ ተላልፎ መሰጠት የለበትም፡፡

ሁለተኛ፣ ቅድመ ሽያጭ ይለመድ፡፡ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር አለ፤ የባንኮች የሞባይል አገልግሎትም ተስፋፍቷል፡፡ ለምሳሌ አንድ ደራሲ በመዝገቡ 1,000 ሰው ቢኖረውና ግማሾቹ አስቀድመው ቢከፍሉ፣ ለማተሚያ ቤቱ የሚሰጠው ቀብድ ከአራጣ አበዳሪ ሳይሆን ከአንባቢው ይመጣል፡፡ እርግጥ ነው፣ ገንዘብ ተቀብሎ በተባለው ቀን ያላደረሰ ደራሲ ሁለተኛ ዕድል አያገኝም፡፡ በዋሽንግተንና በአካባቢው፣ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች ያለው ወገናችንም መጽሐፍ የሚያገኘው በመንገደኛ ሻንጣ ነውና፣ ይህ መዝገብ ለእሱም መድረሻ ይሆናል፡፡

ሦስተኛ፣ ተከታታይነት፡፡ ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያወጣው «ደርቶጋዳ» የፍቅር ልቦለድ ባይባልም፣ የአማርኛ አንባቢ ተከታይ ክፍል እንደሚጠብቅ አሳይቷል፡፡ የፍቅር ልቦለድ ጸሐፊዎቻችን ግን በየመጽሐፉ አዲስ ዓለም ፈጥረው አሮጌውን ይዘጋሉ፡፡ አንባቢዋ የወደደቻቸው ሰዎች በሚቀጥለው መጽሐፍ ጎረቤት ሆነው ብቅ ቢሉ ምን ይጎዳል?

አራተኛና የመጨረሻው፣ ትዕግሥት ነው፡፡ የሆኪንግና የሁቨር ታሪክ የሚነገረው ብርቅ ስለሆነ ነው፡፡ በዚያው አገር በግላቸው ካሳተሙት ውስጥ ወጪያቸውን እንኳ ሳይመልሱ የሚቀሩ ብዙ ናቸው፡፡ አንባቢ በአንድ ጊዜ አይገኝም፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ሃምሳ ሰው መቶ፣ መቶው አምስት መቶ እየሆነ ይሄዳል፡፡

ጉዳዩ የጥቂት ደራሲያን ኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡ በብዕሩ መኖር ያልቻለ ጸሐፊ ወይ ብዕሩን ይጥላል፣ ወይ ስፖንሰር ፍለጋ ደጅ ይጠናል፡፡ ደጅ የሚጠና ጸሐፊ ደግሞ የሚጽፈው የባለ ደጁን ፊት እያየ ነው፡፡ በአንጻሩ አንድ ሺህ አንባቢ ያለው ጸሐፊ አንድ ሺህ ትንንሽ ጌቶች አሉት፤ አንዱ ቢቆጣ ሌላው አለ፡፡ የጸሐፊ ነፃነት ከሚቆምባቸው ምሰሶዎች አንዱ ይኸው ነው፡፡ ደራሲዎቻችን የመጻሕፍታቸውን ቁጥር እንደሚቆጥሩ ሁሉ የአንባቢዎቻቸውንም ስም መመዝገብ ይጀምሩ፡፡