በማን? በምን? ስለ ምን?

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አበው። የዛሬው ጨዋታችን በዚሁ በአነጋገር ላይ ነው፤ ያውም በአንዲት ፊደል ላይ። ውድ አንባብያን፣ «ደግሞ ዛሬ ሰዋስው ሊያስተምረን ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት አደራ። ነገሩ የፈተና ሳይሆን የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ነው።

ፊደሏ «በ» ናት። አማርኛችን ግሡን በ«ተ» አስነሥቶ «ተያዘ፣ ተከሰሰ፣ ተቀጣ» ሲል፣ የቀረውን ሸክም ሁሉ በ«በ» ጫንቃ ላይ ይጥለዋል። አገር ቤት በጋዜጠኝነት ስሠራ የፍርድ ቤት ዜና የምንጽፈው እንዲህ ነበር፦ «እስክንድር ነጋ በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፖሊስ ተያዘ፤ በሽብርተኝነት ተጠረጠረ፤ በአዋጅ ቁጥር 652 ተከሰሰ፤ በ18 ዓመት እስራት ተቀጣ።» ቁጠሩልኝ፤ ስድስት «በ» አለ። አማርኛ አንባቢ ግን አንዱም አያደናቅፈውም። የቱ ጊዜ፣ የቱ ቦታ፣ የቱ ያዥ፣ የቱ ደግሞ ወንጀል እንደሆነ ነገሩ ራሱ ይነግረዋል።

እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ እምነት በአንባቢው ላይ የለውም። ከተደራጊው ግሥ ኋላ ለእያንዳንዱ ጉዳይ የራሱን ትንሽ ቃል ያቆማል። ያዡን ሊነግረን ሲፈልግ «አሬስትድ ባይ» ይላል። ጥርጣሬው «ሰስፔክትድ ኦፍ» ነው። የተከሰሰበት አዋጅ «ቻርጅድ አንደር»፣ የተከሰሰበት ወንጀል ግን «ቻርጅድ ዊዝ» ነው። ጥፋተኛ ሲባል «ኮንቪክትድ ኦፍ»፣ ቅጣቱ ሲነገረው «ሴንተንስድ ቱ»፣ እስክንድር በየካቲት 2010 ዓ.ም. ከእስር እንደወጣው ሲወጣ ደግሞ «ሪሊስድ ፍሮም» ይሆናል። ዓመተ ምሕረቱንና ከተማውን «ኢን» ይሸከማቸዋል።

«ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላችሁ አትድከሙ። ግሡና መስተዋድዱ እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዴ ተጋብተዋል፣ አብረው ማጥናት ነው። ስለ ጋብቻ ካነሣን አይቀር፣ እኛ ሚስታችንን ስናስተዋውቅ «ሜሪድ ዊዝ» ማለት ይቀናናል። የእንግሊዝኛው ወግ «ሜሪድ ቱ» ነው። «ሜሪድ ባይ» ብላችሁ የምትጠሩት ሰው ደግሞ ያጋባችሁ ቄስ ወይም ዳኛ ነው፤ ቄሱን ባል እንዳታደርጓቸው!

እኛም ብንሆን ለዚህ ዓይነቱ ነገር እንግዶች አይደለንም። ፍርድ ቤት ውሎ የተመለሰ ሰው «ተፈረደበት» ከተባለ ቤቱ ለቅሶ ነው፤ «ተፈረደለት» ከተባለ እልልታ ነው። በ«በ» እና በ«ለ» መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፊደል ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ቢሳሳትብን እንስቅበት ነበር። የእኛ ስሕተት ግን የሚያስቅ አልሆነም።

ላንድማርክን የማያውቅ የለም። ሞሉ በ1965 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ፣ በ2017 ተዘግቶ፣ በ2022 መፍረስ ጀመረ። ስሙ ግን አልፈረሰም፤ ዛሬም «የት ነህ?» ሲሉን «ላንድማርክ» እንላለን። እዚያ አካባቢ ካለች አንዲት ካፌ ቅዳሜ ቅዳሜ ስቀመጥ ወረቀት የሚያሳየኝ ሰው አይጠፋም። ሰሞኑን አንዲት እናት የአሳይለም ቃላቸውን ይዘው መጡ። አማርኛውን በገዛ እጃቸው ጽፈውታል፤ እንግሊዝኛውን አንድ ደግ ወጣት በነፃ ተርጉሞላቸዋል። አማርኛው «በወንድሜ ታሰርኩ» ይላል። እንግሊዝኛው «አይ ዋዝ አሬስትድ ባይ ማይ ብራዘር» ይላል።

«እትዬ፣ ወንድምዎ ፖሊስ ናቸው እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ በስመአብ! እሱንማ ፈልገው ሲያጡት እኔን ወሰዱኝ እንጂ!»

አያችሁልኝ? በፖለቲካው ሲፈለግ የነበረው ወንድም በአንዲት «ባይ» የገዛ እኅቱን አሳሪ ሆኖ ቁጭ አለ። ወረቀቱ በዚያው ቢገባ ኖሮ ባለሥልጣኑ የሚያነበው ስለ መንግሥት በደል ሳይሆን ስለ ቤተሰብ ጠብ ነው። የወጣቱ ደግነት የሚነቀፍ አይደለም። «በ» ሲያይ «ባይ» ጻፈ፤ ሁላችንም ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የተማርነው።

ይህች ቃል ምን ያህል እንደምትመዝን ለማወቅ ሕጉን ማየት ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ጥገኝነት የሚሰጠው ለተበደለ ሁሉ አይደለም። በደሉ ከአምስት ነገሮች በአንዱ ምክንያት የደረሰ መሆን አለበት፦ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆን፣ ወይም በፖለቲካ አመለካከት። ሕጉ «በ... ምክንያት» ለማለት የተጠቀመበት ሐረግ «ኦን አካውንት ኦፍ» የሚል ነው። ሦስት ትንንሽ ቃላት ናቸው፤ ጠበቆች ግን ዕድሜ ልካቸውን ይከራከሩባቸዋል።

በጥር 1992 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኤልያስ ዛካሪያስ በተባለ የጓቲማላ ወጣት ላይ የወሰነው በዚህችው ሐረግ ነበር። መሣሪያ የታጠቁ ሽምቅ ተዋጊዎች ቤቱ መጥተው «ተከተለን» ይሉታል፤ እምቢ ይላል፤ ይሰደዳል። ፍርድ ቤቱ ያለው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ታጣቂዎቹ የራሳቸው ፖለቲካ ስላላቸው ብቻ አይበቃም፤ አንተን የሚያሳድዱህ በአንተ አመለካከት ምክንያት መሆኑን አሳይ። ማሳየት አልቻለምና በስድስት ዳኞች ለሦስት ተረታ። በ2005 የወጣው ሪል አይዲ የተባለው ሕግ ደግሞ ጉዳዩን አጠበቀው። ከአምስቱ አንዱ ቢያንስ አንድ ዋና ምክንያት መሆን አለበት፤ በጽሑፍ በሰጣችሁትና በአፍ በምትናገሩት መካከል ያለ ልዩነትም፣ ትንሽም ቢሆን፣ ተአማኒነታችሁን ለመመዘን ሊያገለግል ይችላል። በቅጹ ላይ «ባይ ማይ ብራዘር» ያሉ እናት ዳኛው ፊት «ወንድሜማ ምንም አላደረገኝም» ቢሉ ምን እንደሚከተል ገምቱት።

ወደ እትዬ ልመለስ። ወንድማቸውን ከአሳሪነት ነፃ ካወጣን በኋላ ሌላ ጥያቄ መጣ።

«ታዲያ ማን ወሰደዎት?»

«እነሱ ናቸዋ!»

«እነማን?»

«እነሱ ነዋ ልጄ! አንተስ መቼ ጠፋህ?»

እውነታቸውን ነው፤ አልጠፋኝም። «እነሱ» ማለት የእኛ አገር ታላቁ ስውር ባለቤት ነው። ትውልድ በትውልድ ላይ አድራጊውን በስሙ አለመጥራትን ተምረናል፤ መጥራት ያስጠይቅ ነበርና። መንግሥታቱም ይህንኑ ያውቁበታል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ 60 ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናትንና መኮንኖችን ያለ ፍርድ ከገደለ ወዲህ፣ «እርምጃ ተወሰደባቸው» የሚለው አነጋገር የዘመኑ ቋንቋ ሆነ። ማን ወሰደ? በማን ትእዛዝ? ግሡ አይናገርም። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ፤ ፕሬዚዳንት ሬገንም በጥር 1987 እ.ኤ.አ. ስለ ኢራን ጉዳይ ሲናገሩ ከባድ ስሕተቶች ተፈጽመዋል አሉ እንጂ በማን እንደተፈጸሙ አልተናገሩም። ባለሥልጣን በተደራጊ ግሥ መደበቅን በየትኛውም ቋንቋ ያውቅበታል። ተበዳይ ግን በደለኛውን የሚደብቅበት ምክንያት የለውም። ዳኛው «ባይ ሁም?» ብሎ ሲጠይቅ «እነሱ» መልስ አይሆንም። የክልል ልዩ ኃይል ነው? የቀበሌ ሚሊሺያ? የፌዴራል ፖሊስ? ምን ለብሰው፣ ምን ብለው መጡ?

«እኔ ወረቀቴን ጨርሻለሁ» የምትሉም አትዝናኑ። የዜግነት ማመልከቻው ጥፋተኛ ስለ መባል ብቻ ሳይሆን ስለ መያዝና ስለ መከሰስም ይጠይቃል። «ክሱ ውድቅ ሆኗልና አልተከሰስኩም» የሚለው የታክሲ ተራ ሕግ እዚያ አይሠራም። «ቻርጅድ ዊዝ» አንዴ ከሆናችሁ ሆናችኋል፤ መጨረሻው በነፃ መሰናበት ቢሆንም መልሱ «አዎን» ነው፤ የፍርድ ቤቱን ወረቀት አያይዞ ጠበቃ ማማከር ነው። «ቻርጅድ ፎር» ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ ሒሳብ መክፈል ነው። አቁማችሁ ለሄዳችሁበት የመኪና ማቆሚያ «ቻርጅድ ፎር» ብትሆኑ ማንም አይጠይቃችሁም።

ታዲያ መላው ምንድን ነው? እንግሊዝኛ እስክንጠነቅቅ አንጠብቅም። መላው ያለው በአማርኛችን ውስጥ ነው። ቃላችሁን ለአስተርጓሚ ከመስጠታችሁ በፊት በ«ተ» የሚጀምረውን ግሥ ሁሉ ገልብጡት። «ተያዝኩ» ያላችሁትን «እገሌ ያዘኝ» በሉት። «ተገረፍኩ» ያላችሁትን «እገሌ በኤሌክትሪክ ሽቦ ገረፈኝ» በሉት። ያን ጊዜ አማርኛው ራሱ ባለቤት ይጠይቃችኋል፤ «እነሱ» መደበቂያ ያጣል። ከዚያ የቀሩትን «በ»ዎች አንድ በአንድ እየጠቆማችሁ «ይቺ ጊዜ ናት፣ ይቺ መሣሪያ ናት፣ ይቺ ምክንያት ናት» በሉ። ምክንያት የሆነችውን «በ» ብቻዋን አትተዉአት፤ «ምክንያት» የሚለውን ቃል ጨምሩላት።

እትዬ ካፌው ውስጥ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለው ቃላቸውን እንዲህ አድርገው ደግመው ጻፉት። አዲሱ የመጀመሪያ መስመር «ወንድሜን ያጡት ሦስት የወረዳው ሚሊሺያዎች በእሱ ፖለቲካ ምክንያት እኔን ከቤቴ ወሰዱኝ» ይላል። ቀጠሯቸው ገና ነው። ወጣቱ አስተርጓሚ ይህን ሲያገኝ «ባይ» የት እንደምትገባ የሚጠራጠር አይመስለኝም።